ዜሮም መልስ ነው፦ የብሉ ፒል ሜሞሪ ካርታን በኪውኢሙ ውስጥ መዘርጋት

ድሬዳዋ ውስጥ ኤምቤድድ ለሚማር ሰው የመለማመጃ ሥራ ከጠፋ ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ይበቃል። ሮቶው ሲጎድል ፓምፑን የሚያስነሳ፣ ሲሞላ የሚያጠፋ ትንሽ መቆጣጠሪያ፦ አንድ ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ አንድ ሪሌ፣ አንድ ብሉ ፒል ቦርድ (ኤስቲኤም32ኤፍ103 ቺፕ ያለበት ትንሽ ሰሌዳ)። ፈርምዌሩ፣ ማለትም ቺፑ ላይ የሚጫነው ፕሮግራም፣ ሁለት መቶ መስመር አይሞላም።

ቦርዱ እጅ እስኪገባ ይህን ፈርምዌር በኪውኢሙ (ቺፕን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ኢሙሌተር) ላይ ልሞክረው ያለ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመዋል። ኮምፓይል ሆኗል፣ ስህተት የለም፣ ፕሮግራሙ ይነሳል፤ ፓምፑ ግን አይጠፋም። የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ ፈርምዌሩ «ውሃ የለም» እንዳለ ነው። ጥፋቱ ኮዱ ላይ አይደለም። ተንሳፋፊው የሚነበበው ከአድራሻ 4001-0808 ነው፤ እዚያ አድራሻ ላይ የሚመልስ ሰው ስላልነበረ ኢሙሌተሩ ዜሮ መለሰ። በዚህ ሰርኪዩት ደግሞ ዜሮ ማለት ውሃ የለም ማለት ነው።

የሜሞሪ ካርታ (በየትኛው አድራሻ ላይ ምን እንዳለ የሚወስን ዝርዝር) ሥራ ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። አድራሻዎቹን ከዳታሺት መገልበጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የትኛው አድራሻ እውነተኛ ሞዴል ይፈልጋል፣ የትኛው የተጻፈበትን ቢያስታውስ ይበቃዋል፣ የትኛው እየጮኸ ባዶ ይሁን የሚለውን መወሰን ግን ጊዜ ይወስዳል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። በሰረዝ የተከፈለ ቁጥር ሁሉ፣ እንዲሁም ኦፍሴት (ከመሣሪያው ቤዝ አድራሻ ያለው ርቀት) ሁሉ ሄክሳዴሲማል ነው፤ ከ9 በላይ ያሉት አሃዞች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ተብለው ተጽፈዋል። ኮድ ውስጥ ስታስገቡ ሰረዙን አውጡና ዜሮ-ኤክስ አስቀድሙ። የኪውኢሙ ፈንክሽኖች ስም በድምፁ ተጽፏል፤ በኮዱ ውስጥ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ተጽፎ በአንደርስኮር ይያያዛል።

የምሳሌው ሰርኪዩት

ተንሳፋፊው ፒኤ0 በሚባለው የቺፑ ፒን ላይ ነው። ውሃው ሲጎድል ፒኑን ወደ ግራውንድ ይዘጋዋል፤ ሲሞላ ይከፈትና የቺፑ የውስጥ ፑል-አፕ ፒኑን ወደ 1 ይስበዋል። የሪሌው ትራንዚስተር ፒኤ1 ላይ ነው። ፒሲ13 ላይ ያለው የቦርዱ ኤልኢዲ ሁኔታውን ያሳያል። ሪሌውን ከፒሲ13 ላይ ለመንዳት የሚያስብ ካለ ይተወው፤ ያ ፒን ከ3 ሚሊአምፔር በላይ አይችልም። ዩሳርት 1 በ115200 ቦድ አንድ አንድ መስመር መልእክት ይልካል።

መጀመሪያ ፈርምዌሩ የሚነካውን ልቀሙ

ሪፈረንስ ማኑዋሉን፣ ማለትም አርኤም0008ን፣ ከፍቶ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም መሣሪያ መዘርዘር ጉልበት መጨረስ ነው። ቺፑ ላይ ካን አለ፣ ዩኤስቢ አለ፣ አራት ታይመር አለ፤ የሮቶው ፈርምዌር አንዱንም አይነካም። ከኤልፍ ፋይሉ (ኮምፓይል ሆኖ ከወጣው ፕሮግራም) ጀምሩ። በኦብጅዳምፕ ዲስአሰምብል አድርጉና በ4000፣ በ4001፣ በ4002 እና በኢ000 የሚጀምሩትን ቋሚ ቁጥሮች ለይታችሁ አውጡ። ኮምፓይለሩ የመሣሪያዎችን ቤዝ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ከፈንክሽኑ ግርጌ «ዎርድ» ብሎ ስለሚያስቀምጥ በቀላሉ ይታያሉ። የተደጋገሙትን ስታጠፉ ለዚህ ሥራ የሚቀረው ይህ ነው፦

0000-0000፣ 64 ኪሎባይት፦ የፍላሹ አሊያስ (ሁለተኛ ስም)
0800-0000፣ 64 ኪሎባይት፣ በሄክስ 1-0000፦ ፍላሽ
2000-0000፣ 20 ኪሎባይት፣ በሄክስ 5000፦ ኤስራም (የቺፑ ራም)
4001-0800፦ ጂፒአይኦ ኤ (የፒኖች ግቤትና ውጤት)
4001-1000፦ ጂፒአይኦ ሲ
4001-3800፦ ዩሳርት 1
4002-1000፦ አርሲሲ (የክሎክ መቆጣጠሪያ)
4002-2000፦ የፍላሽ መቆጣጠሪያ
ኢ000-ኢ010 እና ኢ000-ኢ100፦ ሲስቲክና ኤንቪአይሲ (የኮሩ ጊዜ ቆጣሪና የኢንተራፕት መቆጣጠሪያ)

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የኮርቴክስ ኤም3 ኮር አካል ናቸው፤ ኪውኢሙ ከኮሩ ጋር ራሱ ያመጣቸዋል፣ አትንኳቸው። ከ4000 እስከ 4002 ያሉት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው 1 ኪሎባይት፣ ማለትም ሄክስ 400 ይይዛሉ።

አንድ የተለመደ ስህተት ከወዲሁ፦ 20 ኪሎባይት 20480 ነው። 20000 ብሎ በዴሲማል የጻፈ ሰው 480 ባይት ከላይ ይቆርጣል። ስታኩ የሚጀምረው ደግሞ ልክ ከዚያው ከጫፉ፣ ከ2000-5000 ነው።

መነሻ ፋይል

ኪውኢሙ ከነባሪ ቦርዶቹ ውስጥ ብሉ ፒል የለውም። ቅርብ ዘመዱ ግን አለ፦ ኤስቲኤም32 ቪኤል ዲስከቨሪ፣ ቺፑ ኤፍ100 ነው። የሶሲው (የቺፑ) ፋይል «ኤስቲኤም32ኤፍ100 ሶሲ»፣ የቦርዱ ፋይል «ኤስቲኤም32ቪኤልዲስከቨሪ» ይባላል፤ ሁለቱም ኤችደብልዩ ማውጫ ውስጥ አርም ሥር ናቸው። ከነሄደር ፋይሉ ቅዱና ስማቸውን ቀይሩ። የዩሳርቶቹና የኤስፒአዮቹ አድራሻና የኢንተራፕት ቁጥር ከኤፍ103 ጋር አንድ ስለሆነ ያን ክፍል እንዳለ ትተዉታላችሁ።

መቀየር ያለባቸው ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ፍላሹን ከ128 ወደ 64 ኪሎባይት አውርዱ። ኤስራሙን ከ8 ወደ 20 ኪሎባይት አሳድጉ። የሲስተም ክሎኩን ከ24 ሚሊየን ወደ 72 ሚሊየን ኸርዝ ቀይሩ። ሦስተኛውን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ፈርምዌሩ አንድ ሴኮንድ ጠብቅ ሲል ሦስት ሴኮንድ ይጠብቃል።

አዲሱን ፋይል በኬኮንፊግና በሜሰን የግንባታ ፋይሎቹ ውስጥ ካላስመዘገባችሁ ኮምፓይል ያለ ስህተት ያልቃል፣ ቦርዱ ግን አይኖርም። «ማሽን ሄልፕ» ብላችሁ ስሙን ከዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ።

ስለ ግንባታው ጥቂት ምክር። ሶርሱን ስታወርዱ ሙሉ ታሪኩን አታውርዱ፤ ጊት ላይ ዴፕዝ 1 በሉት፣ አለዚያ የታሸገውን የሪሊዝ ፋይል ውሰዱ። ኮንፊገር ስታደርጉ የታርጌት ዝርዝሩን በአርም-ሶፍትኤምኤምዩ ብቻ ወስኑ፤ ሁሉንም ታርጌት ልገንባ ያለ ላፕቶፕ በድሬ የቀትር ሙቀት ቬንቲሌተሩ እያለቀሰ ነው የሚውለው። መካከል ላይ መብራት ቢሄድ ኒንጃ ካቆመበት ይቀጥላል። ሲቀጥል ሊንከሩ አንዱን የኦብጀክት ፋይል «ፎርማቱን አላውቀውም» ካለ መብራቱ ሲጠፋ በግማሽ የተጻፈ ፋይል ነው። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትንና ሊንከሩ በስም የጠራቸውን ኦብጀክቶች አጥፉና እንደገና አስነሱት፤ ሙሉውን ግንባታ መድገም አያስፈልግም።

ፍላሽ፣ ራም፣ አሊያስ

ለፍላሹ «ሜሞሪ ሪጅን ኢኒት ሮም»፣ ለኤስራሙ «ሜሞሪ ሪጅን ኢኒት ራም» ትጠቀማላችሁ፤ ከዚያ በ«ሜሞሪ ሪጅን አድ ሰብሪጅን» ከሲስተም ሜሞሪው ላይ በቤዝ አድራሻቸው ትሰቅሏቸዋላችሁ። ሮም ላይ የሚጻፍ ነገር ያለ ድምፅ ይጣላል፤ ስለዚህ ፈርምዌሩ በስህተት ፍላሽ ላይ በፖይንተር ቢጽፍ ኢሙሌተሩ አይነግራችሁም።

ኮሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ከአድራሻ ዜሮ ነው፦ የመጀመሪያው ዎርድ የስታኩ ጫፍ፣ ሁለተኛው የሪሴት አድራሻ። ፈርምዌሩ ግን የተቀመጠው 0800-0000 ላይ ነው። እውነተኛው ቺፕ ቡት ፒኖቹን አይቶ ፍላሹን ዜሮ ላይም ያሳየዋል። ኢሙሌተሩ ውስጥ ይህን የሚሠራው አሊያስ ነው። ሐረር ጀጎል ላይ ሸዋ በር የሚባለውን ሐረሪዎቹ አስማዲን በሪ ይሉታል፤ በሩ አንድ ነው፣ በየትኛውም ስም ጠርታችሁ ብትገቡ የምታገኙት ያንኑ ጀጎል ነው። «ሜሞሪ ሪጅን ኢኒት አሊያስ»ም ሁለተኛ ስም ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛ ሜሞሪ አይፈጥርም። ለዚህ ነው ፍላሹን ሁለት ጊዜ ሮም አድርጎ መፍጠር ስህተት የሚሆነው፦ አንዱ ላይ ፈርምዌሩ ይጫናል፣ ዜሮ ላይ ያለው ባዶ ይቀራል፣ ኮሩም ዜሮ አንብቦ ገና ሳይነሳ ይወድቃል።

ባዶው ቦታ

ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፤ መንገድ ይመስላል፣ ግን ወንዝ ነው። በካርታው ውስጥ ያሉ ባዶ አድራሻዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ምን ዓይነት ባዶ እንደሆኑ መምረጥ የእናንተ ሥራ ነው።

ምርጫው ሁለት ነው። ምንም ካልሰቀላችሁበት ኮሩ ሲነካው ባስ ፎልት (የአድራሻ ስህተት) ይነሳል፤ ፈርምዌሩ ባስ ፎልትን ለብቻው ካላነቃው ወደ ሃርድ ፎልት ያድጋል። «ክሪኤት አንኢምፕሊመንትድ ዲቫይስ» ካስቀመጣችሁበት ደግሞ ንባብ ሁሉ ዜሮ ይመልሳል፣ የተጻፈው ይጣላል፣ እያንዳንዱ ንክኪ ግን ሎግ ላይ ይመዘገባል፦ የመሣሪያው ስም፣ መጠን፣ ኦፍሴት፣ የተጻፈው ዋጋ።

ሁለተኛው ምቹ ነው፤ ምቾቱ ግን ያታልላል። ሎጉ የሚታየው ኪውኢሙን ስታስነሱ በትንሿ ዲ አማራጭ «አንኢምፕ» እና «ጌስት ኤረርስ» ብላችሁ ካዘዛችሁ ብቻ ነው። ካላዘዛችሁ ዜሮው በዝምታ ይመለሳል፣ ፈርምዌሩም እውነት ብሎ ይቀበለዋል፤ የሮቶው ፓምፕ የማይጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት ማስነሻ ስክሪፕታችሁ ውስጥ አስገቡና አታውጧቸው። ሎጉን በትልቋ ዲ አማራጭ ወደ ፋይል ላኩት፤ ፈርምዌሩ አንድ ቢት እየጠበቀ ከተሽከረከረ ፋይሉ በደቂቃዎች ውስጥ ዲስክ ያጨናንቃል፣ አምስት ሴኮንድ አስኪዳችሁ አቁሙት። ከዚያ በሶርትና በዩኒክ ቆጥሩት። ከፍተኛ ቁጥር ያለው መስመር ቀጥሎ መሠራት ያለበት ሬጅስተር (የመሣሪያው መቆጣጠሪያ አድራሻ) ነው፤ ከዚህ የተሻለ የሥራ ዝርዝር የለም።

የተቀዳው ፋይል ውስጥ ብዙ እንዲህ ያሉ ባዶ መሣሪያዎች አስቀድመው አሉ፤ ኤፍ103 የሌለውን፣ ለምሳሌ ሲኢሲን፣ ሰርዙ። የእነዚህ ቅድሚያ ከዜሮ በታች 1000 ስለሆነ በላያቸው የምትሰቅሉት እውነተኛ ሞዴል ያሸንፋቸዋል። ሁለት ተራ ሪጅኖችን በአንድ አድራሻ ላይ መደራረብ ግን የተለየ ነው፦ ማንኛው እንደሚያሸንፍ ዋስትና የለም። መደራረቡ ሆን ተብሎ ከሆነ መጨረሻው ላይ «ኦቨርላፕ» የተጨመረበትን ፈንክሽን ተጠቅማችሁ ቅድሚያውን በቁጥር ስጡ።

አርሲሲ፦ «ዝግጁ ነኝ» የሚለው ቢት

የመጀመሪያው ማነቆ ሁልጊዜ እዚህ ነው። ፈርምዌሩ የውጭውን ክሪስታል ለማስነሳት በአርሲሲው የመጀመሪያ ሬጅስተር ላይ ቢት 16ን ያበራና ቢት 17 እስኪበራ ይጠብቃል። ዜሮ ብቻ የሚመልስ አርሲሲ ያንን ቢት አያበራም። በሃል ላይብረሪ የተጻፈ ፈርምዌር 100 ሚሊሴኮንድ ጠብቆ የስህተት ፈንክሽኑ ውስጥ ይቀራል። በአሮጌው ስታንዳርድ ላይብረሪ የተጻፈው ደግሞ ቆጥሮ ሲሰለቸው በ8 ሜጋኸርዙ የውስጥ ክሎክ ዝም ብሎ ያልፋል። የኋለኛው ይብሳል፤ ሁሉ ነገር የሠራ ይመስላል።

ሞዴሉ ትንሽ ነው። ከኦፍሴት 00 እስከ 24 ያሉ 10 ሬጅስተሮችን የሚይዝ አንድ አሬይ፣ አንድ የንባብና አንድ የመጻፊያ ፈንክሽን። ኦፍሴት 00 ላይ ሲጻፍ ቢት 0ን ወደ ቢት 1፣ ቢት 16ን ወደ 17፣ ቢት 24ን ወደ 25 ቅዱ፤ ማስነሻው ሲጠፋ ዝግጁነቱም አብሮ ይጥፋ። ኦፍሴት 04 ላይ የታችኞቹን ሁለት ቢቶች ወደ ቢት 2 እና 3 ቅዱ፤ ፈርምዌሩ ወደ ፒኤልኤሉ መቀየሩን የሚያረጋግጠው ከእነዚያ ነው። የቀሩት የተጻፈባቸውን ቢያስታውሱ ይበቃል። ሲነሳ የመጀመሪያው ሬጅስተር የታችኛው ባይት ሄክስ 83 ይሁን።

ሪጅኑን የምትፈጥሩት በ«ሜሞሪ ሪጅን ኢኒት አይኦ» ነው። ፈንክሽኖቻችሁ የሚቀበሉት ኦፍሴት ነው፤ ሙሉ አድራሻ አይመጣላቸውም። ስዊቹ ውስጥ 4002-1018 ብሎ የጻፈ ሰው አንድም ኬዝ አይገጥምለትም፤ መጻፍ ያለበት 18 ነው። ኤንዲያንነቱን ሊትል ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። «ቫሊድ» የሚለው መስክ ፈርምዌሩ በስንት ባይት ማንበብ እንደሚፈቀድለት ይወስናል፤ «ኢምፕል» የሚለው የእናንተ ፈንክሽን በስንት ባይት እንደሚሠራ ለኪውኢሙ ይነግረዋል። ሁለቱን አታምታቱ። «ቫሊድ»ን 4 ብቻ ካላችሁት በባይት የሚያነብ ኮድ ፎልት ይመታል፣ ሎጉም «መጠኑ ልክ አይደለም» ይላል። ለአርሲሲ «ኢምፕል»ን በትንሹም በትልቁም 4 አድርጉና «ቫሊድ»ን ከ1 እስከ 4 ክፍት ተዉት።

የፍላሽ መቆጣጠሪያው ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። በ72 ሜጋኸርዝ ፈርምዌሩ ሁለት ዌይት ስቴት ይጽፍና መልሶ ያነባል፤ ያነበበው የጻፈው ካልሆነ ሃል ስህተት ይመልሳል። እዚህ ሞዴል መጻፍ አያስፈልግም፦ 4002-2000 ላይ ሄክስ 400 የሚያህል ተራ ራም ስቀሉ። የተጻፈበትን ያስታውሳል፣ ያ ይበቃል። ይህን ዘዴ ግን ለሁኔታ ሬጅስተሮች አትጠቀሙ፤ ሲነበብ ወይም 1 ሲጻፍበት የሚጸዳ ቢት ራም ላይ አይጸዳም።

ጂፒአይኦ

የሮቶው ጉዳይ የሚፈታው እዚህ ስለሆነ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ሥሩት። ለኤ እና ለሲ አንድ ዓይነት መሣሪያ ሁለት ጊዜ ትፈጥራላችሁ። ሬጅስተሮቹ በየኦፍሴታቸው ሰባት ናቸው፦ 00 እና 04 የፒኖቹ አወቃቀር፣ 08 ግቤት፣ 0ሲ ውጤት፣ 10 ማብሪያና ማጥፊያ፣ 14 ማጥፊያ፣ 18 መቆለፊያ። ሁለቱ የአወቃቀር ሬጅስተሮች ሲነሱ 4444-4444 ናቸው፣ ማለትም ሁሉም ፒን ተንሳፋፊ ግቤት ነው።

ኦፍሴት 10 ላይ የታችኞቹ 16 ቢቶች ያበራሉ፣ የላይኞቹ 16 ያጠፋሉ፤ ለአንድ ፒን ሁለቱም ቢበሩ ማብራት ያሸንፋል። ስለዚህ በኮዱ መጀመሪያ አጥፉ፣ ከዚያ አብሩ። ኦፍሴት 08 ላይ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ በጌስት ኤረር መዝግቡና ተዉት።

ግቤቱ ሲነበብ የሚመለሰው ቁጥር በየፒኑ ይሰላል። በአወቃቀሩ ውስጥ እያንዳንዱ ፒን አራት ቢት አለው። የታችኞቹ ሁለት ቢቶች ዜሮ ካልሆኑ ፒኑ ውጤት ነው፦ የ0ሲን ቢት መልሱ። ዜሮ ከሆኑ ግቤት ነው። ከውጭ የሚነዳው ነገር ካለ የዚያን ዋጋ መልሱ። የሚነዳው ከሌለና የላይኞቹ ሁለት ቢቶች 2 ከሆኑ ፑል-አፕ ወይም ፑል-ዳውን ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የ0ሲ ቢት ስለሆነ እሱኑ መልሱ። የሚነዳው ሳይኖር ተንሳፋፊ ከሆነ ዜሮ መልሱ፣ ግን ሎግ ላይ ጩኹ፤ እውነተኛው ፒን በዚያ ሁኔታ ነፋስ እንዳገኘው ላባ ነው፣ ኢሙሌተሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል።

ይህን ለመያዝ ሞዴሉ ሁለት ተጨማሪ ቁጥሮች ያስፈልጉታል፦ ከውጭ የሚነዱ ፒኖች ማስክ (የትኞቹ ፒኖች እንደሚነዱ የሚያሳዩ ቢቶች) እና የሚነዱበት ደረጃ። ሁለቱን የኪውኦኤም ፕሮፐርቲ (ኪውኢሙ እየሄደ ሳለ የሚቀየር የመሣሪያ ዋጋ) አድርጓቸው። ፈርምዌሩ እየሄደ ሳለ ከሞኒተሩ (ከኪውኢሙ የትእዛዝ መስጫ) «ኢንፎ ኪውኦኤም-ትሪ» ብላችሁ የመሣሪያውን መንገድ ታገኛላችሁ፣ በ«ኪውኦኤም-ሴት» ዋጋውን ትቀይራላችሁ። ተንሳፋፊውን በእጅ እንደ ማንሳትና እንደ ማውረድ ነው።

ለምሳሌው ሰርኪዩት ፈርምዌሩ የጻፈው ትክክል ከሆነ የጂፒአይኦ ኤ ኦፍሴት 00 4444-4428፣ የጂፒአይኦ ሲ ኦፍሴት 04 ደግሞ 4424-4444 ሆኖ መታየት አለበት። የመጀመሪያው ላይ 8 ፒኤ0ን በፑል፣ 2 ፒኤ1ን ውጤት ያደርጋሉ። የፑል-አፑን አቅጣጫ ለመስጠት የጂፒአይኦ ኤ 0ሲ ላይ ቢት 0 መብራቱንም እዩ፤ ይህን የረሳ ፈርምዌር ፑል-ዳውን ነው የሚያገኘው።

ኢሙሌተሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይዋሻል። እውነተኛው ቺፕ ላይ የመሣሪያው ክሎክ ካልተከፈተ የተጻፈው አይያዝም። የእናንተ ሞዴል ግን ክሎክ ሳይጠይቅ ይሠራል፤ ክሎክ መክፈት የረሳ ፈርምዌር ኢሙሌተሩ ላይ ሮጦ ቦርድ ላይ ይሞታል። መድኃኒቱ አጭር ነው። ጂፒአይኦው ከአርሲሲው ኦፍሴት 18 ላይ ቢቱን ይጠይቅ፦ ለኤ ቢት 2፣ ለሲ ቢት 4። ካልበራ ጽሑፉን ጥሎ በጌስት ኤረር ይመዝግብ። ዩሳርት 1 ቢት 14 ስለሆነ ሬጅስተሩ ላይ ሄክስ 4014 ከታየ ሦስቱም ተከፍተዋል።

ቢት-ባንድን (እያንዳንዱ ቢት የራሱ አድራሻ የሚያገኝበትን ክልል) በእጅ አትስቀሉ። የተቀዳው ፋይል በኮሩ ላይ አብርቶታል። ፈርምዌሩ ፒሲ13ን በ4222-01ቢ4 በኩል ቢነካው ኪውኢሙ ወደ 4001-100ሲ ቢት 13 ይመልሰዋል። ስሌቱ፦ ከ4000-0000 ያለው ርቀት ሲባዛ በ32፣ ሲደመር ቢቱ ሲባዛ በ4፣ ሲደመር 4200-0000።

ዩሳርት

የኪውኢሙ ኤፍ2 ዩሳርት ለኤፍ103 ይስማማል፤ 4001-3800 ላይ ይሰቀላል፣ ኢንተራፕቱ 37 ነው። የቦድ ሬጅስተሩን ግን አይመለከተውም። ለ72 ሜጋኸርዝና ለ115200 መጻፍ ያለበት 625፣ በሄክስ 271 ነው፤ ፈርምዌሩ ሌላ ቁጥር ቢጽፍም ተርሚናሉ ላይ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ቁጥሩን ራሳችሁ አረጋግጡ። ከሞኒተሩ የዳታ ሬጅስተሩን በ«ኤክስፒ» አታንብቡ፤ ንባቡ የመጣውን ፊደል ይበላዋል፣ ከዚያ ፈርምዌሩ ሳይደርሰው ይቀርና የሌለ ስህተት ፍለጋ ትገባላችሁ።

ካርታውን ማየት

ሞኒተሩ ላይ «ኢንፎ ኤምትሪ» ከሰረዝ ኤፍ ጋር ስትሉ ኮሩ በእርግጥ የሚያየው ጠፍጣፋ ካርታ ይወጣል። በየመስመሩ መጀመሪያ፣ መጨረሻ፣ ቅድሚያ፣ ዓይነትና ስም አለ። መጨረሻው ራሱ የሚቆጠር አድራሻ ነው፤ ስለዚህ ዩሳርት 1 በ4001-3ቢኤፍኤፍ፣ ኤስራሙ በ2000-4ኤፍኤፍኤፍ ያልቃሉ። ኤስራሙ 2000-1ኤፍኤፍኤፍ ላይ ካለቀ የኤፍ100ው 8 ኪሎባይት አልተቀየረም። የሠራችሁት ጂፒአይኦ በስሙ ካልታየና በቦታው ባዶው መሣሪያ ካለ መስቀሉን ረስታችኋል፣ ወይ መሣሪያውን ሪያላይዝ አላደረጋችሁም።

ኪውኢሙ «ሎክአፕ፣ ወደ ሃርድ ፎልት ማሳደግ አልቻልኩም» ብሎ ከቆመ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ ዜሮ ላይ አሊያሱ አለ ወይ፣ የመጀመሪያው ዎርድ 2000-5000 ነው ወይ፣ ኤስራሙ እስከዚያ ይደርሳል ወይ። ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በዩኒኮርን ለሚሠሩ

ኪውኢሙን መገንባት የከበደው በፓይተን ዩኒኮርንን (ኮሩን ብቻ የሚያስመስል ኢሙሌተር) ቢመርጥ ካርታው ያው ነው፣ ገደቦቹ ግን ይለያሉ። ሪጅን የሚሰቀለው በ4 ኪሎባይት ገጽ ነው፤ ቤዙም መጠኑም የ4096 ብዜት ካልሆነ የአርጊዩመንት ስህተት ይመጣል። ስለዚህ 4001-0800ን ለብቻው መስቀል አይቻልም፤ 4001-0000ን በሙሉ ገጽ ትሰቅሉና ጂፒአይኦ ኤን በኦፍሴት 800 ውስጡ ትለያላችሁ። ኤስራሙ 20 ኪሎባይት ስለሆነ ልክ አምስት ገጽ ይሞላል። የመነሻ አድራሻው ላይ ለተምብ (ኮሩ ለሚያስኬደው የትእዛዝ ዓይነት) 1 መደመርን አትርሱ። ኤንቪአይሲና ሲስቲክ ስለሌሉ በኢንተራፕት የሚሠራ ፈርምዌር እዚያ አይሄድም፤ ለአንድ ፈንክሽን ፍተሻ ግን ከኪውኢሙ ይቀላል።

የሮቶው ፍተሻ

ካርታው ከቆመ በኋላ በፒኤ0 ላይ ሦስት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ማስኩን አብርታችሁ ደረጃውን 0 አድርጉ፤ ፒኤ1 በ0ሲ ላይ መብራት አለበት። ከዚያ 1 አድርጉት፤ መጥፋት አለበት። ሁለተኛ፣ ማስኩን አጥፉ፤ ይህ የተቆረጠ ሽቦ ነው። ፑል-አፑ 1 ስለሚመልስ ፓምፑ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ፈርምዌሩ ፑል-አፑን አላዋቀረም። ሦስተኛ፣ ማስኩን መልሳችሁ አብሩ፣ ደረጃውን 0 አድርጉና ተዉት። የድሬ ውሃ ኖራ ስለሚበዛው ተንሳፋፊው ማጠፊያው ላይ ቅርፊት እየያዘ እታች ይጣበቃል፤ ፒኑ ዜሮ እንዳለ ይቀራል፣ ሮቶው ግን ሞልቶ ይፈሳል። ይህ ዜሮ የኢሙሌተሩ ውሸት አይደለም፣ ጣሪያው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ሮቶው ባዶ ሆኖ ለመሙላት ከሚፈጀው ጊዜ በላይ ፓምፑ ሳይቆም ከሄደ የሚያጠፋ ቆጣሪ በፈርምዌሩ ውስጥ ከሌለ ይህን ሦስተኛውን ፍተሻ አያልፍም።